ጉምሩክ ያደረው ድምፅ

ሐኪሞቹ የአባቴን ማንቁርት ሲያወጡ ካንሰሩንም ድምፁንም አብረው ነው የወሰዱት። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነበር፤ እናቴ በነጭ ክር በሠራችለት ጨርቅ ይሸፍነዋል። ምግቡን፣ ውሃውን፣ ሬዲዮው ይከፈት ይዘጋ የሚለውን ሁሉ በእጁ እያሳየ ወይም እየጻፈ ይግባባል። ሰው የማይለምደው የለም። አንድ ነገር ግን አልለመደም። እኔ ልዳር ነበር፣ አባቴም ሊመርቀኝ ይፈልጋል።

ካዛንቺስ፣ በእኛ መንደር፣ የአባቴ ምርቃት የታወቀ ነበር። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲመረቅ፣ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ እሱ ይጠራል። አይቸኩልም። አንዷን ቃል ይልና ቤቱ «አሜን» እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላዋን ይቀጥላል። የሰውን ልጅ ሁሉ መርቆ የራሱ ልጅ ተራ ሲደርስ ዝም! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ «እኔ ልመርቅልህ» ቢለው በእጁ አይሆንም አለው። እናቴ «ጻፈውና ይነበብልህ» ስትለው ወረቀት አነሳና «ምርቃት አይጻፍም» ብሎ ጽፎ ሰጣት።

በዚያው ሰሞን ቢሮ ኢንተርኔት ላይ አንድ ማሽን አየሁ። የእጅ ባትሪ ያክላል። አንገት ላይ ሲያስደግፉት ይነዝራል፣ ሰውየው አፉን ሲያንቀሳቅስ ንዝረቱ ንግግር ይሆናል። ድምፁ የሰው አይመስልም፣ ቃሉ ግን ይለያል። ሐኪሙን ስጠይቀው፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይሁን። የጨረር ሕክምና ያገኘ አንገት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከጠነከረ ንዝረቱን አያሳልፍም» አለኝ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ ያኔ ገና መስቀል እንኳ አልደረሰም።

እዚህ ሆኖ በኢንተርኔት መግዣ ካርድ ማን አለው? አጎቴ ግን ላንቻ ሱቅ ከፍቶ ኤሌክትሮኒክስ ስለሚሸጥ፣ ዱባይ ያለ ወዳጁ አዝዞ በካርጎ እንዲልክልን አደረገ። ጉምሩክን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ ባይ ነው። ዘዴው አንድ ነው፤ አዲስ ዕቃ አዲስ መስሎ አይገባም። ካርቶኑ ይቀደዳል፣ ወረቀቱ ይጣላል፣ ዕቃው በካልሲ ይጠቀለላል፤ ሲጠየቅ «ያገለገለ የግል ዕቃ ነው» ይባላል፣ ቀረጡም ይቀላል። ስልክና ቴፕ ሲያስገባ የኖረው እንዲህ ነው። ዱባይ ደውሎ «ካርቶኑን ጣለው፣ ትንሽም ጫር ጫር አድርገው» ሲል እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትመርቀው ነበር።

ዕቃው ደረሰ ሲባል ባለቤቱ ራሱ ይቅረብ አሉን። አጎቴም እኔም አባቴን ይዘን ወደ ኤርፖርት ተነሳን። መስቀል አደባባይ ለባቡሩ ተቆፍሮ አካባቢው ሁሉ አቧራ ነው። ለሌላው ሰው አፍንጫ አለለት፤ ለአባቴ ግን አቧራው በቀጥታ ሳንባው ነው የሚገባው። ሚኒባሱ ውስጥ ማሳል ሲጀምር አጠገቡ የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

የጉምሩኩ ሠራተኛ ወጣት ነው፣ ትሑት። ማሽኑን ከካልሲው አውጥቶ ገለባበጠው።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ? የመገናኛ ሬዲዮ ነው እንዴ?»

አባቴ ልማድ ሆኖበት ሊመልስ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«አባባ፣ እርስዎን እኮ ነው።»

አባቴ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ቀዳዳውን አሳየው። ልጁ ደነገጠ፤ «ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ» አለና ዓይኑን ወደ ዕቃው መለሰ። ይሄኔ አጎቴ ጣልቃ ገባ።

«የግል ዕቃ ነው ወንድሜ፣ ያገለገለ ነው። ማለቴ፣ የሚቀረጥ ነገር የለውም፣ በቃ።»

«ያገለገለ ነው?»

«አዎ፣ ተጫጭሮ የለም እንዴ? እየው!»

«እንግዲያማ አይገባም። ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ ክልክል ነው።»

አጎቴን ላብ አጠመቀው። «አዲስ ነው! እውነቱን ልንገርህ፣ አዲስ ነው!»

«አዲስ ከሆነ ካርቶኑስ? የፋብሪካው ወረቀትስ?»

አጎቴ በዚያ መስኮት እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያምነው አጣ።

ከዚያ ሂድ ና ተጀመረ። ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈልን። ጉምሩኮች የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ አምጡ አሉ። እነዚያ ደግሞ የፋብሪካውን ወረቀት አሉ፤ ወረቀቱ ዱባይ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። ሌላ እስኪላክ የገና በዓል አለፈ። ወረቀቱ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ኃላፊው ሲገኝ ሲስተም የለም። የሰደበን የለም፣ ሁሉም አዝኖልናል። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ እያዘኑ ይመልሱን ነበር። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ አንድ ቀን የአባቴን ሻርፕ ሳስር እጄ አገጩ ሥር አረፈ። ያልለፋ ቆዳ ሆኗል። ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ።

ማሽኑ የተለቀቀው ለሠርጌ ሳምንት ሲቀረው ነው። አጎቴ ራሱ ይዞት መጣ። አባቴ ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ጠበቀው። አንገቱ ላይ አስደግፎ ተጫነው። ማሽኑ ጮኸ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እኛ የምንሰማው ግን ያንኑ ጩኸት ብቻ ነው። ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው።

«ባትሪው ይሆናላ» አለች እናቴ።

አጎቴ ባትሪውን ቀየረና ሊሞክረው የራሱ አንገት ላይ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ማሽኑ ጥርት አድርጎ «ይሰማል?» አለ።

አጎቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባቴ ማሽኑን ከእጁ ወስዶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ምርቃቱን ይተወዋል ብለን ነበር። የሠርጉ ዕለት እኔና ባሌ ጉልበቱን ስመን በርከክ እንዳልን፣ አባቴ ተነሥቶ ማሽኑን አወጣ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ እንደ ድሮው ነው፣ አይቸኩልም። አንዷን ቃል ብሎ ጣቱን ከማሽኑ ላይ አነሳና ጠበቀ። ምን እንዳለን ማናችንም አላወቅንም። እንደገና ተጫነው፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እንደገና ጠበቀ። እኔ እንኳ፣ ልጁ፣ «አሜን» ሳልለው ቀረሁ። አባቴ ዙሪያውን አየና ማሽኑን አጥፍቶ ተቀመጠ።