በችግኞቹ መሃል የገባው ድንኳን

ባለፈው ሐሙስ ከአስኮ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ተማሪ «ፓርኩ ጋ ወራጅ አለ!» አለች። ረዳቱ የቱ ፓርክ ብሎ አልጠየቀም፤ በሩን ከፈተላት። እኔም እዚያው መውረድ ነበረብኝ፣ ግን አልወረድኩም። ዝም ብዬ እስከ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ሄድኩ። ድሮ «ቆሻሻው ጋ ወራጅ» ነበር የሚባለው። ስሙ መቼ እንደተቀየረ እንጃ። ወንድሜ ግን አልሰማውም።

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ከፎርም በቀር የጻፍኩት ነገር የለም።

ከድር ታላቄ ነው። አጣና ተራ እንጨት ይሸጥ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከቤታችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ የሚደፋበት ሜዳ ነበር። ክረምት ሲገባ ሽታውን ከእማዬ ሽሮ ጋር አብረን የምንበላው ይመስለኝ ነበር። ንጹሕ የነበረው አንድ ጥጉ ብቻ ነው። እዚያ እስላሙም ክርስቲያኑም ሰው ሲሞትበት የእድራችን ድንኳን ይተከላል።

ከድር በጋውን ሙሉ እሑድ እሑድ የሰፈሩን ጎረምሶች ይዞ ሜዳውን ጠረገ። ፕላስቲኩን ለቆራሌው፣ የበሰበሰውን ለአፈር። ወይራና ዝግባ ለመትከል ወሰነ፤ ባሕር ዛፍ አልፈለገም።

«አጣና ሻጭ ሆነህ ባሕር ዛፍ ትጠላለህ?» እያሉ ይተርቡት ነበር።

«ስለማውቀው ነዋ! ወንዙን መጦ ይጨርሰዋል።»

ሰኔ ላይ በገመድ እየለካ በየአራት እርምጃው ጉድጓድ አስቆፈረ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቀጥ ብሎም የድንኳኑ ቦታ ውስጥ ገባ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ድንኳናችንን የት ልታደርሰው ነው?»

«ጋሼ፣ ማን ሞተና?»

«ሰው መሞቱ ይቀራል?»

«እስከዚያ ዛፉ ያድጋል። ጥላው ራሱ ድንኳን ይሆንልዎታል።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። ጋሽ ወልዴ አልሳቁም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ መጀመሪያ ለቅሶ በተደረሰ ቀን በድንኳኑ ቦታ ያሉት ችግኞች ይነቀላሉ ተብሎ ተወሰነ። ከድር ሲሰማ «በል እንትከል፣ አይዞህ፣ ማንም አይሞትም» አለኝ። ሐምሌ ላይ ተከልን።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከድር ታመመ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ስለዚያ መጻፍ አልችልም።

ከቀብር ስንመለስ የእድሩ ልጆች ቋሚውንና ሸራውን አውርደው ደርሰዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ የወይራ ችግኝ ጨብጧል። ሮጬ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«አትንካው!»

አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። «ተው ሙባረክ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል። እናትህ እንኳ የምትቀመጥበት የላትም።»

እውነቱን ነው። ለቀስተኛ ማቆም ነውር እንደሆነ እኔም አላጣሁትም።

«ይቁም» አልኩ። ለታላቅ ሰው እንዲያ መልሼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ወልዴ መጡ። በከዘራቸው የሚሉኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ችግኞቹን አንድ በአንድ አዩና «በመሃላቸው ስንት እርምጃ ነው?» አሉኝ።

«አራት።»

«አግዳሚ ያስገባል። በሉ ቋሚውን በመስመሩ መሃል አቁሙ። ካስማውን ከሥሩ አርቁ።»

«የእድሩ ውሳኔስ ጋሼ?» አለ ችግኙን የጨበጠው ልጅ።

«ያስወሰንኩት እኔ ነኝ። ልጁን ቀብሬ መጥቼ ዛፉን ልንቀል? ገመዱን ሳብ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»

ሦስት ቀን ሰው ችግኞቹን በጉልበቱ መሃል አድርጎ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሲነሱ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር። ለመብል እጅ ሲያስታጥቡ ጋሽ ወልዴ እጣቢው ሁሉ ችግኞቹ ሥር እንዲደፋ አዘዙ። እማዬ ያንን አይታ «ልጄ የተከለው ውሃ አልጠማውም» አለች። ከዚያ ወዲህ የለቅሶ ቤት እጣቢ ለዛፎቹ ሆነ። በጋውንም በየቤቱ ተራ ወጥቶ ውሃ ይወርድላቸዋል። ሁለቱ ደረቁ፤ ተክተናቸዋል።

አሁን እድሩ ከወንዙ ማዶ ያለውንም ሜዳ አልሙት ብሎናል። እኔ ከመለካቴ በፊት ሽማግሌዎቹን ይዤ ወረድኩ፤ የት እንደሚቀመጡ፣ አስከሬን በየት እንደሚያልፍ ጠየቅኳቸው። ከድር ሲለካ ይህን አልጠየቀም። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ማን ይጠይቃል?

እኔ ሃያ ሰባት ሞላኝ። ታላቄ እያልኩ ጻፍኩ እንጂ በዕድሜ ካለፍኩት ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እሱም አያውቀውም፤ ብጠይቀውም አይነግረኝም። ቅዳሜ ቁፋሮ እንጀምራለን።