የባለዣንጥላዋ ልጅ ትርጉም

ፊልሙ ተገኘ። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይጎድል፣ ጥርት ብሎ በዓረብኛ ተገኘ። ኢንተርኔት ላይ፣ ልጅ ሳሉ አይተውት ስሙ የጠፋባቸውን ካርቱን የሚፈላለጉ ሰዎች መሰባሰቢያ አለ። ሥራና ትዳር ያላቸው ትልልቅ ሰዎች «አንድ ጥንቸል ነበረ፣ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ማን ያስታውሰዋል?» ሲባባሉ ይውላሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ሥራ ፈቶች አልኳቸው። ብዙም ሳልቆይ እኔም ከእነሱ አንዷ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«ቀይ ዣንጥላ የያዘች ልጅ አለች፤ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ድብ አለ፤ አፏን የማትዘጋ ዳክዬ አለች። ሦስቱ በትንሽ ጀልባ ሆነው ደሴት ይፈልጋሉ» ብዬ ጻፍኩ። መካነ ሰላም ኔትወርክ እንደ እንግዳ መጥቶ የሚሄድበት ከተማ ስለሆነ መልሱን ያየሁት ከቀናት በኋላ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው አግኝቶ ልኮልኛል። አመሰገንኩትና «የአማርኛው ትርጉምስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ምን ይበሉኝ? የአማርኛው ትርጉም የተሠራው እዚሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረች ቪዲዮ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በእህቴ አፍ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነበር። እህቴ ሞታለች። ልጇ የእናቷን ድምፅ አታውቀውም።

እህቴ መጀመሪያ ከዓረብ አገር ስትመለስ አንድ ሻንጣና እንደ ውኃ የሚፈስ ዓረብኛ ይዛ መጣች። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቪዲዮ ቤት እገባለሁ። ባለቤቱ ዲሽ ስለነበረው ፊልም በማይታይበት ሰዓት የዓረብ የልጆች ጣቢያ ይከፍትልን ነበር። አንድ ቃል አንሰማም፤ ሥዕሉን ብቻ እያየን እንስቃለን። አንድ ቀን እህቴ እኔን ጎትታ ልታወጣ መጣች። ተቆጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረና «ዳክዬዋ እኮ 'ዓይኑ ቢጠፋም ሆዱ ደህና ያያል' ነው የምትለው» አለች። ልጁ ሁሉ ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ በሩ ዞረ። ልትጎትተኝ የመጣችው እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ተረጎመችልን። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እሷ ካልመጣች አንገባም አሉ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነገር የማያመልጠው ሰው ነበር። ማይክ ገዛ፤ ጓዳው በር ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለና በኮምፒውተሩ ድምፅዋን እየቀዳ በሲዲ ይሸጥ ጀመር። እህቴ ትርጉሙን ጽፋ አታነብም። አንድ ቦታ በዓረብኛ ትሰማለች፣ ታስቆመዋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ የሚናገረውን ሆና ትናገረዋለች። አዛን ሲል ይቆማል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ይቆማል። ለአይሱዙ ግን መፍትሔ አልነበረም፤ በየክፍሉ መሐል ባሕሩ ላይ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

ድምፆቹን የምታመጣው ከከተማው ሰው ነበር። ዳክዬዋ «ወረኢሉ! ወረኢሉ! አንድ ሰው የጎደለ!» እያለ መናኸሪያውን የሚያውከው ረዳት ናት። ድቡ አባታችን ነው። አባታችን ቄስ ነበር፤ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርግ ነበር። ድቡም እንደዚያው ይጠርግ ጀመር። ከደብሩ ሰዎች አንዱ «አባ፣ በቪዲዮ ድብ ሆነው ወጥተዋል አሉ» ብሎ ነገረው። የዚያን ቀን ቤት ገባ፣ ምንም አላለም፣ ማዕድ ቀረበ። ሊባርክ ጉሮሮውን ሲጠርግ እኔና እህቴ አፋችንን ይዘን በሳቅ ፈነዳን። እናቴ ተቆጣች። አባቴ ግን እየባረከ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሳቁን አፍኖ ነው።

እህቴ ልጅ ወለደች። ስለ ልጅቷ አባት የማወራው ነገር የለኝም፤ እሱም ስለ እኛ የሚያወራ አይመስለኝም። ልጅቷ ጡት ሳትጥል እህቴ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች። ስልኳን ቀጣሪዎቿ ይይዙባት ስለነበር ስትደውል የምትደውለው በሰው ስልክ፣ ተጣድፋ ነው። በዚያ ላይ እዚያ የምትጠራው ፓስፖርቷ ላይ ባለው ስም ነበር፤ እኛ ባወጣንላት ስም ፈልጎ የሚያገኛት የለም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የሰፈር ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በዚያ ሰዓት ተሰብስበው የሚመጡት ለምን እንደሆነ ልጅም ያውቃል። እናቴ ገና «ግቡ» ሳትላቸው ጮኸች። አስከሬኗ አልመጣም። ፎቶዋን ወንበር ላይ አድርገን አለቀስን።

አባቴም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። እኔ እስካሁን የሚቆጨኝ ግን የአርባዋ ቀን የሆነው ነው። እኛ ዘንድ የሟች ልብስ በተዝካሩ ለነዳያን ይሰጣል። እናቴ የእህቴን ልብስ አንድ በአንድ ማውጣት አልሆነላትም። እያንዳንዱን ቀሚስ እያነሱ እንደገና ማልቀስ ነው። ስለዚህ እቤት ትታው የሄደችውን ሻንጣ ሳትከፍተው፣ እንደተቆለፈ፣ ከሩቅ አገር ለመጣች አንዲት ለማኝ ሰጠቻት። ሲዲዎቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ለእህቴ ከያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ቅጂ ይሰጣት ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። የእናቴ ጥፋት ነው ማለት አልችልም፤ እኔም በዚያ ቀን ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ትዝ አላለኝም።

ልጅቷ አደገች። በእሷ ክፍል የብዙዎቹ ልጆች እናቶች ዓረብ አገር ናቸው፤ በስልክ ድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ልቀበላት ስሄድ የእህቴ ልጅ የጓደኛዋ ትከሻ ላይ ተደግፋ የሌላ ሰው እናት ስትናገር ስትሰማ አገኘኋት። «በርትተሽ ተማሪ፣ አያትሽን አታስቸግሪ» የሚል ተራ ነገር ነው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። መንገድ ላይ «እቴቴ፣ የእኔ እናት ድምፅ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። «ቆንጆ» አልኳት። ቆንጆ ማለት መልስ አይደለም፤ እሷም አላመነችኝም። ፍለጋውን የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አሁን የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። «ጋሼ፣ የእህቴ ትርጉም የለዎትም?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል። ሰው ሁሉ ወደ ፍላሽና ሚሞሪ ሲዞር ሲዲ የሚገዛው ጠፋ። «የተረፈውን የቆላ ገበሬዎች ወሰዱት» አለኝ። ምን ያደርጉለታል ብዬ ጠየቅኩ። «ለወፍ» አለ።

እውነት ነው። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ማሽላ ሲያፈራ ሲዲ በገመድ እያሰሩ ማሳው ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ፀሐይ ሲመታው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ወፍ ይፈራዋል። መንገዱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር ቶሎ መውረድ አልቻልኩም። ሲከፈት ከጭነት መኪና ሹፌር አጠገብ ተቀምጬ ወረድኩ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የነገረኝ ቤት ስደርስ ማሽላው ሊታጨድ ደርሷል፤ ማሳው ሁሉ ሲዲ ለብሷል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ እገለብጥ ጀመር። ፀሐይና ዝናብ በልቷቸው ጽሑፉም ቀለሙም ጠፍቷል፤ አንዳንዱ በእጄ ተሰባበረ። እህቴ የትኛው ውስጥ እንዳለች ማወቂያ የለም። እዚያ ቆሜ ማሽላ መሐል አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ጠይም ረጅም ሴት፣ ከዳር ሆና ታየኝ ነበር። «ምነው እቴ፣ ወፉን ስናባርር አንቺ ገባሽብን?» ብላ ሳቀች። የመጣሁበትን ስነግራት ሳቋን ዋጠችው። «አብሽሪ» አለችኝ፣ «ነይ እስኪ ተከተይኝ። ቤት አንዲት አለች፤ ልጆች መስታወታችን ናት ብለው አላሰቅል ያሉኝ።» ግድግዳው ላይ በጭቃ ተለጥፋ፣ የሚያብረቀርቀው ፊቷ ወደ ውጭ ሆኖ ነበር። በቢላዋ ፈልፍላ አወጣችልኝ። ጀርባዋን በቀሚሴ ስጠርግ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት በማርከር የሣላት ትንሽ ዣንጥላ ከጭቃው ውስጥ ብቅ አለች። ሴትየዋን አቅፌ ሳምኳት። «አሏህ ላንቺ ብሎ ያስቀመጣት ናት» አለችኝ፤ ልጆቿ ግን መስታወታቸውን ስለወሰድኩ አኮረፉኝ። ከቦርሳዬ የራሴን መስታወት አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ከተማ ተመልሼ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። በመጨረሻ ስልክ የሚጠግን ልጅ ከአሮጌ ዕቃው መሐል ማንበቢያ አግኝቶ ገጠመልኝ። ሲዲው እየተንቋቋ፣ እየቆመ፣ እየተነሳ ከብዙ ክፍሎች አንዱን ብቻ ሰጠን። ስልኬ ላይ አደረገልኝ። ሱቁ ውስጥ አላስከፈትኩትም። ከልጅቷ ቀድሜ መስማት አልፈለግኩም።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሦስታችን መደቡ ላይ ተቀመጥን፤ ልጅቷ በመሐል፣ እናቴ በወዲያ። ከፈትኩት። ዳክዬዋ ጮኸች፤ ድቡ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። እናቴ «ወይኔ» ብላ ደረቷን ያዘች፤ ለባሏ ይሁን ለልጇ አላወቅኩም። ልጅቷ ሳቀች። እንደማንኛውም ልጅ፣ በዳክዬዋ ሳቀች። ከዚያ «የቷ ናት እናቴ?» ብላ ጠየቀች።

«ሁሉም» አልኳት።

«ሁሉም እንዴት ይሆናል? ድቡ ሽማግሌ ነው።»

«እሷ ናት፤ አስመስላ ነው።»

«እሺ፣ ሳታስመስልስ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ፈልጌ፣ ቆላ ወርጄ፣ አንድም ቀን አላሰብኩበትም። መጀመሪያው ላይ «ባለፈው ክፍል» ብላ የምትተርከው እንኳ በሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነው። እህቴ ራሷን ሆና የተናገረችበት አንድም ቦታ የለም። ልጅቷ ፊቴን እያየች «እኔን ብትጠራኝ በየትኛው ነበር የምትጠራኝ?» አለች።

እናቴን አየኋት። እናቴም እኔን አየችኝ። አብረናት የኖርን፣ አብረናት የበላን ሁለት ሰዎች ነን። እህቴ ማለዳ ስትቀሰቅሰኝ እንዴት ነበር የምትለኝ? ለማስታወስ ስሞክር የመጣችልኝ ዳክዬዋ ናት። እናቴም የልጇን ድምፅ እንደረሳችው ፊቷ ላይ አነበብኩ። ከመርዶው ቀን ሌላ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

ፊልሙ እየሄደ ነበር። ጀልባዋ ዳር ደረሰች፤ አንዲት ሴት ከጎጆ ወጥታ ባለዣንጥላዋን ልጅ «ነይ ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ እህል ሳትቀምሺ አትሂጂ» አለቻት። ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚጎተት ድምፅ ነው። ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ አትታይም።

«ይቺ ናት!» አለች ልጅቷ። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። «ልጄ አለች። ይቺ ናት አይደል?»

እኔም እናቴም ያን ድምፅ አውቀነዋል። ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ናት። እህቴ ቤት ውስጥ ስታስመስላት በሳቅ እንሞት ነበር። ሴትየዋ ዛሬም አለች፤ እዚያው ቦታ ተቀምጣ ትሸጣለች፤ ገዢዋን ሁሉ ልጄ ነው የምትለው። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኳት።

ያችን ቦታ ብቻ ቆርጬ ስልክ ላይ አድርጌላታለሁ፤ ስትተኛም ስትነሳም ታዳምጣታለች። ገበያ አብራኝ ስትወጣ በሽንኩርት ተራ በኩል አላሳልፋትም።