የዓሣ ነባሪ አደራ

ጎንደር ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያን ሳምንት የማስተምረው ስለ ዓሣ ነባሪ ነበር፤ ጭንቅላቱ ብቻ የሰውነቱን ሲሶ ስለሚያህለው ዓይነት።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለልኝ። ሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ የሄደው ታናሽ ወንድሜ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። እናታችን ለደም ግፊቷ ከኮላ ድባ መጥታ እኔ ቤት ነበረች። አጎቶቼ "ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል" አሉኝ። ወጉ ነው፤ መርዶ ለብቻ አይነገርም። እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው በገዛ ራሴ እናደዳለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ላፕቶፔ ላይ የዓሣ ነባሪውን ፎቶ ከፍቼ ሥራ የበዛብኝ መስዬ አቀረቀርኩ። እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ዮናስን የዋጠው ይኼ ነው?"

"እሱን እንጃ። ዓሣ ይሉታል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ ወልዶ ያጠባል።"

"ባሕር ውስጥ? ምን ጉድ ነው።"

ዝም ካልኩ ፊቴ ያሳብቅብኛል ብዬ ለፈለፍኩ። እናትዬዋ ምግብ ፍለጋ ብርሃን ወደማይደርስበት ጥልቀት ትወርዳለች፤ አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች። ግልገሏ ያን ያህል መጥለቅ ስለማይችል ላይ ትተወዋለች። አክስቶቹ እየተፈራረቁ ይጠብቁላታል።

"አደራ ሰጥታ ነዋ የምትወርደው" አለች።

"አዎ።"

"እኔም ወንድምህን ላንተ ነው የሰጠሁት።"

እውነቷን ነው። ከእኔ ጋር ሆኖ እንዲማር የላከችው እሷ ናት። ተጣልተን "ሂድና ሠርተህ ብላ" ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይህን አታውቅም።

"እሷ ታች ሳለች ልጇ ቢሞትስ?" አለች። "ስትወጣ ይደብቋታል?"

"አይደብቋትም። የሞተ ግልገሏን በአፏ ይዛ ስትዋኝ የታየች አለች።"

ዞራ አየችኝ። "ከማክሰኞ ጀምሮ ዓይኔን አታይም። ልጄን ቀብራችሁታል?"

"አዎ፣ እማ።"

"አውሬዋ እንኳ ይዛዋለች" አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ በተሻለኝ። "ምነው ትምህርቱን ጥሎ ሄደ? ማን ላከው?" አለችኝ።

"ማንም አልላከውም። ራሱ ነው የሄደው" አልኳት።

ዛሬም የምታውቀው ይህንኑ ነው።