የእትዬ እንቁላሎችና የወተቱ ሳጥን

ጣጣየለው እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው ያወጡለት፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «ጣጣ የለውም» ስለሚል። ማሽን ተበላሸ ሲሉት ጣጣ የለውም፤ ደንበኛ ተቆጣ ሲሉት ጣጣ የለውም፤ አለቃው በስሙ ሲጠራው እንኳ ከወንበሩ ሳይነሳ ጣጣ የለውም ይላል። ሊቀልዱበት ያወጡለትን ስም እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው። ስድብና ምስጋና የማይለይ ሰው ምን ያህል በደስታ እንደሚኖር ልንገራችሁ፦ ይኸው አርባ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ አንድ ቀን እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም።

የሚሠራበት ድርጅት ለወተት ማቀዝቀዣ ክፍሎች የሚገጠሙ መቆጣጠሪያ ሳጥኖች ያመርታል። ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ሆዱ ውስጥ ግን ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የክፍሉን ሙቀት ትለካለች፤ ከአራት ዲግሪ ሲያልፍ ማቀዝቀዣውን ታበራለች፣ ሲወርድ ታጠፋለች። የጣጣየለው ሥራ ለዚያች ኮምፒውተር ምስል መገንባት ነው። ምስል ስላችሁ ፎቶ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሯ ከተነሳችበት ደቂቃ ጀምሮ የሚያስፈልጋት ነገር በሙሉ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ የሚጫንባት ነው። ይህ ምስል ደግሞ የሚገነባው ከአንድ የቅንብር ዝርዝር ነው። የሳጥኑ ስም ማን ይባላል፣ ሰዓቱ ስንት ይላል፣ መብራት ሲመጣ የትኛው ፕሮግራም ይነሳል፣ ስንት ዲግሪ ላይ ምን ይደረጋል፤ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። እዚያ የተጻፈ በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ ይኖራል። እዚያ ያልተጻፈ፣ አዲስ ምስል በተጫነ ቀን ድራሹ ይጠፋል። ይህን አንድ ሳምንት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጣጣየለውም ያውቀዋል። የሚያናድደው እሱ ነው። ባያውቅ ኖሮ እናዝንለት ነበር። ግን ዝርዝሩን ከፍቶ አንድ መስመር ከመጻፍ ይልቅ ላፕቶፑንና የማገናኛ ገመዱን ይዞ ሳጥኑ ዘንድ መሄድ፣ በቀጥታ ገብቶ በእጁ ማስተካከል ይቀናዋል። አንዱን ሳጥን እዚህ ጋ፣ ሌላውን እዚያ ጋ፣ ሁሉንም በየጠባዩ ይነካካና ይወጣል። ምን እንደነካ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። «መጻፍ የማያስታውስ ሰው ሥራ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሁሉ ነገር እሱ ጭንቅላት ውስጥ ስለተቀመጠ አንድ ሳጥን ባኮረፈ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው፤ ሲጠራ ደግሞ ፊቱ ይበራል። ሰው ሌላ የሚታወቅበት ነገር ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል።

ከሱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት ፈታሽ አለች፤ ምስሎቹ ከመውጣታቸው በፊት የምትፈትሽ፣ ቀጭን፣ ነገር የማትረሳ ልጅ። «ጋሼ፣ እባክዎ በእጅ የቀየሩትን ዝርዝሩ ላይ ያስገቡልኝ» ትለዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ ጥርስ አላበቀልሽም» ይላታል።

ይህ መልስ አይደለም። መልስ ያጣ ሰው የሚለው ግን ሁልጊዜ ይህንኑ ነው።

ቤቱም ያው ነው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ በገመድ አስሮታል፤ የማይዘጋውን የመኝታ ቤት በር በታጠፈ ወረቀት ወትፎታል፤ የሳሎኑን መብራት ለማብራት ማብሪያውን ሁለቴ ተጭኖ በጡጫ አንድ ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ምስኪን ሚስቱ ለእንግዳ ሁሉ ስታስረዳ ትኖራለች። ጠጋኝ ጠርታ እንዳታሠራ «እኔ እያለሁ!» ብሎ ያኮርፋል።

እንግዲህ የሚስቱ ታላቅ እህት ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት። እሱ እትዬ ይላታል፤ እኛም እትዬ እንበላት። ባሏ ከሞተ በኋላ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ብቻዋን ትኖራለች፤ የራሷን በር በራሷ ቁልፍ መክፈቷ ትልቁ ኩራቷ ነው። እህቷን እንደ ነፍሷ ትወዳለች። የእህቷን ባል ግን በወር አንዴ ማየቱ ይበቃታል። ኪራዩ ሲጨምርባት፣ ጡረታዋ አልደርስ ሲላት፣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ያገለገለ የጫጩት መፈልፈያ ገዝታ ጓዳዋ ውስጥ አቆመች። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ መስኮት የሌለው፣ ማሞቂያው ደህና፣ መቆጣጠሪያው የሞተ ማሽን ነበር።

ጣጣየለው ይህን ሲሰማ ማን ጠየቀው! ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሳጥን አስፈቅዶ ይዞ ከተፍ አለ። ማቀዝቀዣው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ማሞቂያውን አገናኘ። ችግር ሲገጥመው ስልኩ ላይ መልእክት እንዲልክለትም እንደ ሌሎቹ ሳጥኖች ሁሉ ከድርጅቱ ኔትወርክ ጋር አያያዘው። ከዚያ ገመዱን ሰክቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሕጉን በእጁ ገለበጠው፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲደርስ አጥፋ፣ ሲወርድ አብራ። ስሙንም «እትዬ» ብሎ ሰየመው፤ ስም ብቻ የምታሳየው የሳጥኑ ትንሽ ስክሪን «እትዬ» ብላ በራች። ዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር አልጨመረም።

እትዬ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየችና «የት ጻፍከው?» አለችው። አስተማሪ አይደለች?

«እዚህ» አለና ግንባሩን በጣቱ መታ።

«አንተ ብትታመምስ?»

«እትዬ ደግሞ! የተማሪ ደብተር መሰለዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። ቀጥሎ በመፈልፈያው ውስጥ ያንጠለጠለችውን የብርጭቆ ቴርሞሜትር አወጣው። «ይህን የአያቶች ዕቃ ይተዉት። እሱን ለማየት በሩን በከፈቱ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። ሳጥኑን ይመኑ።»

አርባ ዓመት የተማሪ ሰበብ ስትሰማ የኖረች ሴት ያን ቀን አመነችው። ከስድሳ እንቁላል ሃምሳ አንድ ጫጩት ወጣላትና እምነቷ ጸና። ከዚያ አንድ የዶሮ እርባታ ባለቤት መጣ፤ ስድስት መቶ ጤነኛ ጫጩት ካስረከበችው በየወሩ ከሷ ብቻ ሊወስድ ቃል ገባ። ስምንት መቶ እንቁላል ደረደረች። ነገሩ ለሷ ግልጽ ነው፤ ለእህቷም ነግራታለች። ከተፈለፈሉ ቤቷ ውስጥ ትቆያለች። ካልተፈለፈሉ በወሩ መጨረሻ ዕቃዋን ጠቅልላ እነሱ ዘንድ ትገባለች። እህቷ «ምን አለበት፣ ቤትሽ ነው» አለቻት። እትዬ ግን በገመድ የታሰረው ቧንቧ ትዝ አላት።

ጫጩት በሃያ አንድ ቀኑ ይወጣል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አለቃው ሁሉንም ሰበሰበ። ፈታሿ አንድ ችግር አግኝታለች፤ ሳጥኖቹ የሚመዘግቡት መዝገብ እየበዛ የማከማቻ ቦታቸውን እየሞላው ነው። አለቃው አዲስ ምስል ዛሬውኑ በየደንበኛው ላሉት ሳጥኖች በሙሉ በኔትወርክ እንዲጫን አዘዘ።

ፈታሿ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ከመጫኑ በፊት፣ ጋሼ፣ በእጅ የተስተካከለ ሳጥን አለ? ካለ ይንገሩኝና ወይ ዝርዝሩ ላይ እናስገባው፣ ወይ ለጊዜው እንዝለለው። አለዚያ ሁሉም ይጠፋል።»

የእትዬ ሳጥን ትዝ አለው። ይህን ማወቅ አለባችሁ፤ ረሳሁ እንዳይላችሁ። ትዝ ብሎታል። «አንድ አለ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ሁለት ቃል ቢናገር ምን ይሆን ነበር? ግን አለቃው እያየው ነው፤ ልጅቷም እስክሪብቶዋን ደግና እየጠበቀች ነው። በዚህች ልጅ ፊት አጠፋሁ ልበል? አለ በሆዱ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ጎራ ብዬ በእጄ እመልሰዋለሁ፣ አለ።

«ጣጣ የለውም። ሁሉም ዝርዝሩ ላይ አለ» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ራሱ ተነስቶ ራሱ ጫነው።

የእትዬ ሳጥን ጠፍቶ ሲነሳ እትዬ የሚባል ስም አልነበረውም። እንቁላል የሚባል ነገርም አያውቅም። የተነገረው አንድ ነው፤ ወተት ጠብቅ። ሙቀቱን ለካው፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል። ወተት ሊበላሽ ነው! ማቀዝቀዣውን አበራ። በማቀዝቀዣው ቦታ የተገናኘው ግን ማሞቂያው ነው። ክፍሉ ሞቀ። አሁንም ከአራት ዲግሪ በላይ ነው፤ ስለዚህ አላጠፋውም። ሳጥኑን ምን ትሉታላችሁ? የታዘዘውን አደረገ።

ጣጣየለው በዚህ ሰዓት ከአለቃው ጋር ሻይ እየጠጣ፣ ያለ እሱ ድርጅቱ አንድ ወር እንደማይቆም እየተረከ ነበር። ስልኩ ጢር አለ። «ስም የለሽ ሳጥን፦ ሙቀት ከልክ አልፏል» ይላል መልእክቱ። «ከወተት ነጋዴዎቹ አንዱ በር ከፍቶ ሄዷል፤ ደደብ ሁላ» አለና ድምፁን አጠፋው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ደወለች። ስልኩ ሲበራ አየና አነሳው።

«አንተ፣ ጓዳው በጣም ይሞቃል። የማሽኑን ጎን ብነካው እጄን ለበለበኝ። ልክፈተው እንዴ?»

እዚህ ላይ እንኳ ጊዜ ነበር። በሩ ቢከፈት፣ ሶኬቱ ቢነቀል፣ ስምንት መቶው ባይተርፍ እንኳ ስድስት መቶው ይተርፍ ነበር። እሱም የስልኩን መልእክትና የሷን ቃል ለማገናኘት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም ነበር። ግን አለቃው አጠገቡ ነው።

«እትዬ፣ ጫጩት ሊወጣ ሲቃረብ ራሱ ይሞቃል፤ ተፈጥሮው ነው» አላት፣ ስለ ጫጩት የሚያውቀው ጥብሱን ብቻ የሆነ ሰው። «በሩን ከከፈቱ ግን ገደሏቸው ማለት ነው! እንዳይነኩት። ማታ ብቅ እላለሁ።»

ማታ ብቅ አላለም። ሻዩ ወደ እራት ተዛወረ፤ አለቃው ሲያሞግሰው ሰዓቱ ነጎደ፤ እሱም ነገሬ ሳይለው ቤቱ ገብቶ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ምሳ ልትሠራ ስትቀር እሱ ገመዱን ይዞ ቀድሞ ሄደ። እትዬ በሩን ከፈተችለት፤ ደህና አደርክ አላለችውም። ጓዳው ይሸታል። የመፈልፈያውን በር ሲከፍት ወላፈኑ ፊቱን ገረፈው። እትዬ አንድ እንቁላል አነሳችና ሳህን ላይ ሰበረችው። ሙሉ ጫጩት ነበር፤ ላባው የበቀለ፣ መንቆሩ የወጣ፣ የበሰለ። ሁለተኛውን ሰበረች። ሦስተኛውን። አምስተኛውን ሰብራ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ጣጣየለው ምን አደረገ? ገመዱን ሰካ። እውነቴን ነው። በሞቱ ጫጩቶች ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሕጉን እንደገና በእጁ መገልበጥ ጀመረ፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲደርስ አጥፋ፣ ሲወርድ አብራ። ማሞቂያው ቀጭ ብሎ ጠፋ።

«በቃ፣ አሁን ይሠራል» አለ።

«ለማን?» አለችው።

በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ገባች፤ ሳህኑን አየች፣ እህቷን አየች፣ ክው አለች። «ምን ሆነው ነው?»

«መብራት ነዋ!» አለ ጣጣየለው ፈጠን ብሎ። «ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ይህን ማንም አይቆጣጠረውም።»

ትናንት መብራት ለደቂቃ አልጠፋም። እትዬ ከሰዓቱን በሙሉ እዚያው የጓዳው ደጃፍ ላይ ልብስ ስትተኩስ ነበር፤ ካውያዋ አልቀዘቀዘም፣ ሬዲዮዋም አላቋረጠም። የሳጥኑ ትንሽ ስክሪን በድንገት ጨልሞ ሲበራና «እትዬ» የሚለው ስሟ ሲጠፋ በዓይኗ አይታለች።

«እውነት እትዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለች ሚስቱ።

እትዬ አማቿን አየችው። የቤት ሥራውን ከጓደኛው ገልብጦ አፉን ሞልቶ «የራሴ ነው» የሚላትን ተማሪ ታየው እንደነበረው አድርጋ አየችው። ከዚያ እህቷን አየች፤ በወሩ መጨረሻ አልጋ የምታነጥፍላትን፣ ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜዋን የምትጨርሰውን እህቷን። በሰውየው ቤት ልትኖር ነው። የእህቷን ባል በእህቷ ፊት አዋርዳ እንዴት ብላ በዚያ በር ትገባለች?

«አዎ» አለች። «ጠፍቶ ነበር።»

ጣጣየለው ትንፋሹን ለቀቀ። ሴትዮዋ አላስተዋለችም ብሎ አሰበ። «አላልኩሽም?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። የምሳ ዕቃው ተከፈተ። አንዲት የስድሳ ሁለት ዓመት አስተማሪ የራሷን በር አጥታ፣ አርባ ዓመት ልጆችን የቀጣችበትን ውሸት ራሷ ዋሽታለት ተቀምጣለች፤ እሱ ደግሞ ዳቦ ጨምሩልኝ አለ።