እምቢ የሚል ጀልባ

የካቲት ዘጠኝ ቀን ነበር፣ ሐሙስ። ለብዙ ሰው እንዲህ ብዬ አውርቻለሁ፤ አሁን ልጽፈው ስቀመጥ ግን እጄ ያመነታል። ዘጠኝ ነው ዐሥራ ዘጠኝ? ቢሮው ግድግዳ ላይ የነበረው ካላንደር አይረዳኝም፤ ከጥር ወዲህ ተገልጦ አያውቅም። የጥር ገጽ ላይ አንዲት ትልቅ የባሕር ኤሊ ነበረች፣ አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ሜትር ደግሞ ኤሊዋን ስለወደዷት ወሩ እንዲያልፍ አልፈቀዱም። ሐሙስ መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ሐሙስ ሐሙስ አለቃችን አይገባም፤ እትዬ ሜትር ከወጡ ስልክ የሚያነሣው እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቀንም ያነሣሁት እኔ ነኝ።

የጉዞ ወኪል ቢሮ ነበር፤ ከአንድ የመነጽር ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ፣ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘ የደሴቶች ካርታ። ዕረፍታቸውን ሞቃት ባሕር ዳር ማሳለፍ፣ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ዓሣና ኮራል ማየት የሚፈልጉ ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሌላ ሥራ አጥቼ ብሮሹር ጻፍ ተብዬ ነው የገባሁት። «ውሃው እንደ መስታወት የጠራ» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው። ባሕር አይቼ አላውቅም። እትዬ ሜትርም አላዩም። ይሁን እንጂ ደንበኛ የት እንደሚጠልቅና በማን ጀልባ እንደሚሄድ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የመረጡት እሳቸው ናቸው።

ሜትር ያልናቸው እኛ ነን። ደንበኛው ወንበር ሳይዝ «እስከ ስንት ሜትር ወርደህ ታውቃለህ?» ይሉታል።

«እስከ ሠላሳ።»

«እስቲ ወረቀትህን።» የመጥለቅ ፈቃድ ወረቀቱ ዐሥራ ስምንት ይላል። «ዐሥራ ሁለቱን ሜትር የወረድከው በምላስህ ነዋ!» ብለው ካርታው ላይ የሕፃናት መዋኛ የመሰለ ቦታ ያሳዩታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቅጽል ስማቸውን ሳይሰሙ የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር።

ሲቀመጡ አላየሁም። የስልኩን ገመድ እየጎተቱ ከካርታው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ካርታው። ጫማቸው የሄደበት የወለሉ ንጣፍ ነጥቶ መንገድ ሠርቶ ነበር። መስመሩ ሩቅ ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ይጮኻሉ፣ እኛም ሁለቱንም ወገን እንሰማለን።

«ትናንት ስንት ሰው ወረደ?»

«ብዙ ነበሩ፣ እመቤቴ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም። ስንት ወረደ፣ ስንት ወጣ?»

ቁጥሩን የሚነግራቸው ሲገኝ የመጨረሻዋን ጥያቄ ያመጣሉ። «ጉዞ ለመጨረሻ ጊዜ የሰረዝከው መቼ ነው?» አብዛኛው ጀልባ ነጂ እዚህ ላይ ደረቱን ይነፋል። «እኛ? እኛ ሰርዘን አናውቅም!» ስልኩን ይዘጉና ካርታው ላይ ቀይ መርፌ ይሰካሉ። «ባሕር በዓመት ስንት ቀን ይቆጣል። በቁጣው ቀን ሰው ጭኖ የሚወጣ ጀግና መሰለህ? እኔ እምቢ የሚል ጀልባ ነው የምፈልገው።» ቀይ የተሰካበት ጀልባ ምንም ያህል ርካሽ፣ ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ከእኛ ቢሮ ሰው አይላክለትም።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነግረውኛል። ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሂሳብ መምህር ላኩ። ጀልባው ሰው ሳይቆጥር ተመለሰ። መምህሩ ሦስት ሰዓት ማዕበል ላይ ተንሳፍፎ ፊሽካ ሲነፋ ቆየ፣ በኋላ ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ከጉዞው ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ቢሮ መጣ። «ስድብ ጠበቅኩ፣» አሉኝ። «ፊሽካውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ዞረ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ደረጃው ላይ ነበር።» ፊሽካው ብርቱካናማ ፕላስቲክ ነው። በመሳቢያቸው ውስጥ፣ ከእርሳስ መቅረጫው አጠገብ ይኖር ነበር።

አንዲት ልጅ አላቸው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ሳያውቁ በአንድ ሆቴል መዋኛ መጥለቅ ተምራ፣ የዐሥራ ስምንት ሜትር ወረቀቷን ይዛ መጥታ ካርታው ሥር ቆመች። የሁለት ዓመት ዕረፍቷን አጠራቅማለች። እትዬ ሜትር ወረቀቱን በፊትም በጀርባም አዩት። በመጨረሻ «ቦታውንም ጀልባውንም እኔ ከመረጥኩ» አሉ።

መምረጥ ግን አቃታቸው። አንዱን ጀልባ ሞተሩ አንድ ነው ብለው ጣሉት። ሌላውን ነጂው ቶሎ ይስቃል ብለው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ጀልባ ነጂውም አብሮ ከሳቀ አለቀ።» ሌላ ቦታ ጥሩ ሆኖ ሳለ ውሃው ወደ ውጭ ይጎትታል። ልጅቷ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ትቆማለች።

«እማዬ፣ ለሰው ሁሉ በአንድ ቀን ትመርጫለሽ። ለኔ ሦስት ሳምንት?»

«ሰው ሁሉን አልወለድኩትም።»

«ዕረፍቴ ሊያልፍ ነው እኮ! ካርታው ላይ ነው እንዴ የምጠልቀው?»

«ካርታ ላይ ሰው ሰጥሞ አያውቅም።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ ምን ያስገለፍጥሃል? መስታወትህን ጻፍ!» አሉኝ።

በመጨረሻ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ነጭ ጀልባ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ተገኙ።

«አባት፣ ትናንት ስንት ሰው ወረደ?»

«ማንም።»

«ለምን?»

«ነፋስ ነበረ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አለ። ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ጀልባው ቆሞ ምን ሥራ አለ?»

«ገመድ እያጠበቅኩ ነው፣» ብለው ጆሯቸው ላይ ዘጉት። እትዬ ሜትር የተዘጋውን ስልክ እንደ ስጦታ ዕቃ አገላብጠው አዩት። «ይኼ ነው፣» አሉ። ቦታውም ተመረጠ፤ ሽማግሌው የኤሊ ጓሮ የሚሉት፣ ዐሥራ ሁለት ሜትር፣ ታቹ አሸዋ። ልጅቷ ስትሄድ ፊሽካውን አንገቷ ላይ አሰሩላት።

ነፋሱ ግን አልቆመም። የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ሰረዙ፤ እትዬ ሜትር «አላልኳችሁም?» ብለው ቢሮውን ዞሩ። ሁለተኛው ቀን ሰረዙ። ሦስተኛው። በአራተኛው ቀን እትዬ ሜትር ስልኩን ዘግተው መስኮቱ ጋ ብዙ ቆዩ። የራሳቸው ሕግ ልጃቸውን ባሕር ዳር አስቀምጦ ባሕር እንደከለከላት ገብቷቸዋል። መሳቢያውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «ሁለት ቀን ነው የቀራት፣» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ያ ሐሙስ መጣ። እትዬ ሜትር የአንድ ደንበኛ ቪዛ ሊያወጡ ሄደው ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እማዬ አለች?»

«ወጥተዋል።»

«እንኳን ወጣች።» ድምፅዋ ተሰብሯል። ከሽማግሌው ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ ጀልባ በየቀኑ ሰው ይዞ ይወጣል፤ ሰዎቹ እየሳቁ፣ ፀጉራቸው ረጥቦ፣ ኤሊ አየን እያሉ ይመለሳሉ። እሷ ወደቡ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። ሰማያዊው ጀልባ ደግሞ በጉዞ ወኪል በኩል ያልመጣ ሰው አይጭንም። «አንድ ጊዜ ብቻ ደውልላቸው። ቁጥራቸው ካርታው ላይ አለ።»

ነበረ። ከደሴቲቱ ጎን ቀይ መርፌ፣ ሥሩ በእትዬ ሜትር የእጅ ጽሕፈት ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ሰርዘን አናውቅም»።

ለምን እንደደወልኩ ለዓመታት ራሴን ጠይቄያለሁ። አዘንኩላት፣ ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። አይቼው የማላውቀውን ውሃ መስታወት ነው እያልኩ ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ የማውቀው ሰው ወርዶ እውነት መሆኑን እንዲያይልኝ ፈለግኩ። ደውዬ ለነገ አስመዘገብኳት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጥያቄዎቹን አልጠየቅኩም፤ መልሱን ግድግዳው ላይ እያነበብኩ ምን ልጠይቅ?

«ለእማዬ አንተ ንገራት፣» አለችኝ መልሳ ስትደውል።

«እነግራቸዋለሁ።»

እትዬ ሜትር ሲመለሱ «ስልክ ነበረ?» አሉ። «የለም፣» አልኩ። አንድ ቃል ናት። ማራገቢያው ያቃስታል፣ እኔ «የጠራ» የሚለውን ቃል ሰርዤ እጽፈዋለሁ፣ ሰርዤ እጽፈዋለሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ እትዬ ሜትር እንደ ልማዳቸው ለሽማግሌው ደወሉ።

«ዛሬም አልወጣሁም፣» አሉ ሽማግሌው። «ልጅሽ ግን ወጥታለች። በሰማያዊው።»

እትዬ ሜትር መርፌው ጋ ሄዱ። ቁጥሩን ለመደወል ጣታቸው ሁለት ጊዜ ሳተ። ጀልባው ላይ ያለ አንድ ጎልማሳ አነሣ፤ ከኋላው ሞተርና ሳቅ ይሰማል።

«ስንት ሰው ወረደ?»

«ሁሉም ወርደዋል፣ እመቤቴ። አሁን እየተመለስን ነው።»

«ስንት ወጣ?»

«ሁሉም አልኩ እኮ።»

«ቁጥር ስጠኝ! የወረደው ስንት?»

«ስምንት።»

«አሁን ቁጠር።»

«እመቤቴ፣ እኛ...»

«እየሰማሁህ ቁጠር!»

ቆጠረ። ሰባት ላይ ሳቁ ቆመ። እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሰባት። የጎደለችው ልጅቷ እንደሆነች ተናገረ። ከዚያ እትዬ ሜትር «ማን ነው ያስመዘገባት?» ብለው ጠየቁት፣ ቀስ ብለው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው፤ ያንን መልስ አልሰማሁም። ወደኔ አልዞሩም። እንደ ዕቃ ቆሜ ነበር፣ ግን አለመዞራቸው እንደ እጅ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ።

«ተመለሱ፣ ፈልጓት!» ብለው ጮኹበትና ዘጉት። ወዲያው ለሽማግሌው ደወሉ። እስከዚያች ቀን አልወጣም ሲሉ የሚያመሰግኗቸውን ሰው።

«አባት፣ ይውጡልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ልጄን ጥለዋት መጥተዋል። ነፋስ እንዳለ አውቃለሁ። አውቃለሁ። ይውጡልኝ።»

ሽማግሌው «ሴትዮ፣ እምቢ የምለው ለዓሣ ማየት ነው፣» አሉና ስልኩን ሳይዘጉት ጣሉት። የሩጫ ኮቴ፣ ጣውላ ላይ፣ ከዚያ የሞተር ድምፅ ሰማን። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

እትዬ ሜትር ያን ጊዜ ተቀመጡ። በራሳቸው ወንበር ሳይሆን በደንበኛው። ክፍት ስልኩን ጭናቸው ላይ ይዘው ነፋሱን ያዳምጣሉ። ወለሉ ላይ የነጣው መንገዳቸው ባዶውን ቀረ፣ እኔ ልሄድበት አማረኝ፤ መቆምም መቀመጥም አልቻልኩም። አንድ ደንበኛ በሩን ከፍቶ ፊታችንን አይቶ ዘጋው። «እትዬ...» አልኩ። እጃቸውን አነሡ፣ ዝም በል ለማለት። ነፋሱን እንዳልሸፍንባቸው ነው።

ሃምሳ ደቂቃ፣ ወይም ሰባ። ይህንንም እንግዲህ አላውቅም። የሞተር ድምፅ ተመለሰ። ኮቴ። ከዚያ አንዲት የደከመች ሴት ልጅ ሳል።

«እማዬ።»

«ስንት ነሽ?» አሉ እትዬ ሜትር። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

«አንድ ነኝ፣ እማዬ። አንድ ነኝ። ፊሽካዬን ሰሙኝ።»

ውሃው ከጀልባው አርቆ አውጥቷታል። ግራ ጆሮዋ ተጎድቷል፤ ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት አውሮፕላን እንዳትሳፈር ከልክሏታል። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው። እኔ የምናገርበት ጊዜ እንደነበረኝ አልክድም። ዓርብ ከሰዓት ነበረኝ። ቅዳሜ ነበረኝ። እሑድ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ፤ ውስጥ ዕቃ ሲታሸግ ይሰማ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁሉን ልነግራቸው፣ ከዚያ አንዲት ነገር ልጠይቃቸው ቆርጬ ገባሁ። ያ ጎልማሳ ማን ነው ያስመዘገባት ብለው ሲጠይቁት ምን አላቸው?

ቀድመውኝ ገብተዋል። ትንሽ ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። መሳቢያቸው ባዶ ነው። ከደሴቲቱ ጎን የነበረውን ቀይ መርፌ በጥፍራቸው ነቀሉት፤ ካርታው ላይ ጠብታ የምታህል ቀዳዳ ቀረች። መርፌውን አመጡና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከተጻፈው ወረቀት አጠገብ፣ በቀስታ አስቀመጡት።

«ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ሦስት ሳምንት ብቻዋን አትቀመጥም።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አለቃህ ከጠየቀህ፣ ሜትር ባሕር ልታይ ሄዳለች በለው።»

ሜትር። ለካ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምተዋል። ምን ሌላ ሰምተው ይሆን? ተነሣሁ፣ ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ፣ አፌን ከፈትኩ። ሻንጣቸው ግን ደረጃውን እያንኳኳ ይወርድ ጀምሯል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ መጨረሻው ደረጃ ቆጠርኩት።