ከብረት ጋሼን የቀደመች ቀን

ከብረት በሰው አገር፣ ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኞችን ተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሁሌም ከሰው ኋላ ነው። ትምህርቷ አዲስ አበባ ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ እናቷ ሲታመሙ ቆመ። ትምህርቱን ያቋረጠበትን ቀን ሰው አይረሳም፤ እሷም ደብተር የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ዓይኗ አብሮት ይሄዳል።

ባለፈው መስከረም፣ ከምትኖርበት ከስካይዌይ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የሰፈር ሙዚየም፣ ለአዋቂዎች የአስጎብኚነት ትምህርት ተከፈተ። የወረቀት ፈተና የለውም። ተማሪው አንድ ዕቃ መርጦ ሁለት ወር ያጠናል፤ ከዚያ እውነተኛ ጎብኚ እየመራ ያስረዳል። ካለፈ አስጎብኚ ይሆናል። ከብረት የመረጠችው የአንዲት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ አሮጌ የጎማ ቦት ጫማ ነው።

"ከዚያ ሁሉ ዕቃ ጫማ?" ብሎ ባሏ መድሃኔ ሳቀባት።

"ቆሜ የምውለው እኔ ነኝ። የጫማን ነገር ለእኔ ተውልኝ" አለችው።

የፈተናዋ ቅዳሜ ጋሼ ተክለ ጻድቅ ከዘራቸውን ይዘው ከጎብኚዎቹ ጋር ብቅ አሉ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ፣ ትዳሯን የባረኩላት ሰው። እሳቸውን ቀድማ መራመድ እንዴት ይሆንላት? "ይለፉ፣ ይለፉ" እያለች ወደ ኋላ ቀረች። ጋሼ አለፉ። ስድስቱ ጎብኚዎችም አስጎብኚው እሳቸው መስለዋቸው ተከተሉ። ጋሼ በቀኝ ታጥፈው ሰልፉን በሙሉ የጽዳት ዕቃ ቤት ይዘውት ገቡ። አንዷ ጎብኚ ባልዲውን ፎቶ አነሳች።

አስተማሪዋ ሃሴት፣ እዚያው አገር ሌክ ሲቲ ያደገች ወጣት፣ ወደ ከብረት ጠጋ አለች።

"እትዬ ከብረት፣ እነሱ ናቸው እርስዎን ፎሎው የሚያደርጉት። ሶ፣ ሊድ ካላደረጉ፣ ፊት ሆነው ካልመሩ፣ ማሳለፍ አልችልም።"

"ለጋሼ ጀርባዬን ልስጥ?"

ጋሼ ሰምተዋል። "አንቺ ልጅ! መንገዱን የምታውቂው አንቺ፣ መጥረጊያ የምጎበኘው እኔ! ቅደሚ እንጂ!"

ከብረት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቀደመች።

ጫማው ዘንድ ስትደርስ ያጠናችው እንግሊዝኛ ጠፋት። ጫማውን አየችው። የግራው ተረከዝ ተበልቶ አልቋል፤ የቀኙ ደህና ነው።

"ይህቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ትቆም ነበር" አለች፣ ቃላቱን በቸገራት እንግሊዝኛ። "ክብደቷን የጣለችው በግራ እግሯ ነው። ቀኙ ሳያማት አይቀርም። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ይህን አይናገርም። ጎማውን እዩት፣ እሱ ይናገራል።"

ጎብኚዎቹ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው አዩ። ሃሴት የማለፊያ ቅጹ ላይ ፈረመች።

ጋሼ ግን አልጠገቡም። ቀጣዩን ዕቃ የያዘውን የመስታወት ሳጥን በከዘራቸው ጠቆሙ። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"እሱን ገና አልተማርኩትም፣ ጋሼ" አለች ከብረት። ይህን ስትል ፊት ፊታቸው መራመድ ጀምራ ነበር። "ኑ፣ አብረን እንየው።"