አባቴ፣ ሁዳዴና የነርቭ ልባስ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ውስጥ የአባቴን እግር ያደነዘዘው ጽድቅ ነው ስል ዘመዶቼ ያኮርፋሉ፤ ያኩርፉ። ከጎጃም መጥቶ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ የሆነው አባቴ ጾም የማይጠግብ ሰው ነበር። በፋሲካም ከሽሮ አይወጣም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ስሙም የወጣው በዚሁ ነው፤ ቄሶች እንኳ እሱ ፊት ሲበሉ ይሸማቀቁ ነበር።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የስፌት መኪናው መርገጫ ከእግሩ ሥር አልታወቀው አለ። መርገጡን የሚያረጋግጠው ወደ ታች አይቶ ነው፤ ወደ ታች ሲያይ ደግሞ የሚሰፋው እጅጌ ይጣመምበታል። ሚሲዮን ያስተማረው የነቀምት ልጅ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ እግሩን በመርፌ ጫር ጫር አደረገው።

«ኦቦ፣ ሽቦ ጎማ እንደሚለብስ ነርቭም ልባስ አለው። ከቅባት የተሠራ ነው። የእርስዎ እየሳሳ ነው፤ ጉበትና እንቁላል ካልበሉ እግርዎ አይመለስም» አለው።

«በሁዳዴ?»

«ነርቭ ሁዳዴን አያውቅም።»

እናቴ ከዚህ ሁሉ የያዘችው ቅባት የሚለውን ብቻ ነው። ለጋ ቅቤ አምጥታ እግሩን አሸችው። ወዲያው ጎረቤቱ ተከራከረ፤ በእግር የገባ ቅቤ ጾም ይገድፋል ወይስ አይገድፍም?

«ቆዳም እኮ ይጠጣል» አለች አንዷ።

«እንግዲያ አንቺ በጸጉርሽ ስንት ሁዳዴ ገደፍሽ?» አለቻት ሌላዋ።

አባቴ ጥርጣሬ አይወድም፤ እግሩን በሳሙና አሳጠበ። ሳሙናው ከሞራ መሠራቱን የነገረው የለም።

እግሩ ባሰበት፤ ደጃፉ ላይ ወደቀ። እናቴ የንስሐ አባቱን አስጠራች። የታመመ ሰው መጾም አይገደድም ቢሉት፣ «እኔ መች ታመምኩ፣ እግሬ ነው እንጂ» አላቸው።

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «እንግዲያው ለትዕቢትህ ንስሐ እሰጥሃለሁ። በየቀኑ እንቁላል፣ በየሳምንቱ ጉበት ትበላለህ። በሩን ከፍተህ፣ ሰው እያየህ።»

በምትኩ ስግደት ይሁንልኝ ብሎ ለመነ፤ እምቢ አሉት። አላፊ አግዳሚው እያማተበ፣ እሱም ግድግዳ ግድግዳውን እያየ በላ።

ሆሳዕና ሲቃረብ መርገጫው ታወቀው። ቄሱ መጥተው ቀጥ ያለውን ስፌት አዩና፣ «በቃ ልጄ፣ ንስሐህ ተፈጸመ» አሉት።

አባቴ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ «አባቴ፣ ትዕቢቴ ከሚያስቡት በላይ ነው» አለ፤ «ንስሐው ለሰኔውም ጾም ይቆይልኝ።»